ሞጣ ገብቶ ሞጣን መፈለግ

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቆይ፣ መጽሐፉን በስልኩ ያነብ የነበረ የቢቸናና የሞጣ ተማሪ ምን ያህል እንደ ተቸገረ አንባቢ አያጣውም። ለዚህ ርካሽ መድኀኒት አለ። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና አንድ የዋይፋይ ማሠራጫ ካሉ፣ የውጭ መሥመር ሳያስፈልግ መጻሕፍቱ በግቢው ውስጥ ላለ ስልክ ሁሉ ይዳረሳሉ። ፋይሉን የሚያድለው ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ ይባላል፤ ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን በነጻ ይገኛል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በአድራሻው ላይ ነው። ዋናው ገጽ በአድራሻው ራስ ላይ ተቀምጦ፣ መጻሕፍቱ «/መጻሕፍት/» በሚል ንኡስ አድራሻ ሥር ይገኙ እንበል፤ ፋይሎቹም በዲስኩ ላይ «/ግምጃ/መጻሕፍት/» በሚባል ፎልደር አሉ። ለዚህ ሩትና ኤሊያስ የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ። ሩት የተጠየቀውን አድራሻ እንዳለ ወስዶ በፎልደሩ ስም ላይ ይቀጥለዋል። እንግዲህ ሩትን «/ግምጃ/መጻሕፍት» ያላችሁት እንደሆነ፣ ፊዚክስን የጠየቀ ተማሪ «/ግምጃ/መጻሕፍት/መጻሕፍት/ፊዚክስ» ወደሚባል ወደሌለ ቦታ ይላካል። ከደጀን ተነሥቶ፣ ቢቸናን አልፎ፣ ሞጣ ከገባ በኋላ መካከል ገበያ ቆሞ ሌላ ሞጣ የሚፈልግ መንገደኛ ማለት ነው። ለተማሪውም የሚደርሰው 404 የሚለው ቍጥር ብቻ ይሆናል። «/ግምጃ» ማለት ይበቃ ነበር።

ኤሊያስ ግን የንኡስ አድራሻውን ስም አንሥቶ በምትኩ የፎልደሩን ስም ያገባል። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች በማይመሳሰሉበት ጊዜ የሚሻለው እርሱ ነው።

ነገር ግን በኤሊያስ የሚሠራ ሰው እዝባርን (/) አይናቅ። አድራሻው ያለ መጨረሻ እዝባር «/መጻሕፍት»፣ ፎልደሩ ግን በእዝባር «/ግምጃ/መጻሕፍት/» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተንኮል የሚያውቅ ሰው «/መጻሕፍት../» ብሎ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ በመውጣት በግምጃው ያለውን ሌላ ፋይል ሊያነብ ይችላል። የማርክ መዝገብ ወይም የደመወዝ ዝርዝር ከጎን ተቀምጦ እንደሆነ ጉዳቱን መገመት አያዳግትም። ሁለቱንም በእዝባር መጨረስ ነው። (እኔስ ማርክ ያለበትን ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ ባታውሉት እላለሁ።)

ፋይሉ ጠፋ በተባለ ጊዜም በግምት መነካካት አያሻም። ፕሮግራሙ በስሕተት መዝገቡ ላይ ፋይሉን የት ሄዶ እንዳጣው ሙሉ መንገዱን ይጽፋልና፣ መጻሕፍት የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ተደግሞ እንደሆነ እዚያው ይታያል።