ተመራጩ ፈረስ ይሸነፋል፤ ተወራራጁስ?

በየዓመቱ በኖቬምበር ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ በሜልበርን ከተማ፣ ፍሌሚንግተን በተሰኘው ሜዳ የሚካሄደው የሜልበርን ዋንጫ የፈረስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1861 የተጀመረ ሲሆን፣ የከተማዋ ነዋሪዎች ዕለቱን በበዓልነት ሥራ ዘግተው ይውሉበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ውድድር ላይ፣ አንድ ዶላር ላስያዘ መቶ ዶላር ትርፍ የሚያስገኘውና ጥቂቶች ብቻ ተስፋ የጣሉበት «ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስ» የተባለ ፈረስ ቀድሞ ገባ። ጋላቢዋ ሚሼል ፔይንም ዋንጫውን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ጋላቢ ሆነች። ብዙኃኑ ገንዘባቸውን ያስያዙበት ተመራጭ ፈረስ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ከዚህ ዓይነቱ ክስተት በመነሣት በአውስትራሊያ ተወራራጆች ዘንድ አንድ ምክር በሰፊው ይነገራል። ይኸውም «ተመራጩ ፈረስ የሚያሸንፈው ከሦስት ውድድሮች በአንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይሸነፋል ብለህ ተወራረድ» የሚል ነው። የምክሩ የመጀመሪያ ክፍል በጥቅሉ ሲታይ እውነት ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው ለምን እንደማይከተል፣ እንዲሁም ይህን ማወቅ ለሳይንስ ተማሪ ስለምን እንደሚበጅ ነው።

ለመሆኑ አንድ ሰው ፈረስ «ይሸነፋል» ብሎ እንዴት ይወራረዳል? ቀድሞ ይህ ዕድል የአወራራጆች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር ሥራ የጀመረው ቤትፌር የተባለው የውርርድ ገበያ ግን ተወራራጆች እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ አደረገ፤ አንዱ «ያሸንፋል» ሲል ሌላው «አያሸንፍም» ብሎ የአወራራጁን ቦታ ይይዛል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 በታዝማኒያ ግዛት ፈቃድ አግኝቶ ወደ አውስትራሊያ ገባ። የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት ይህን መሰል ገበያ በሕግ ቢከለክልም፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ክልከላውን ሻረው። እነሆ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ግለሰብ በተመራጩ ፈረስ ላይ ተቃራኒ ውርርድ ማስገባት ይችላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። የአንድ ተመራጭ ፈረስ የክፍያ ብዜት፣ ማለትም ተወራራጆች «ኦድ» የሚሉት፣ 3 ነው እንበል። ሌላው ሰው 100 ዶላር ካስያዘና ፈረሱ ካሸነፈ 200 ዶላር ትርፍ እንከፍለዋለን፤ ፈረሱ ከተሸነፈ ደግሞ 100 ዶላሩ የእኛ ይሆናል። ይህንኑ በ300 ውድድሮች ደጋግመን፣ ተመራጩ በ100 ውድድሮች ቢያሸንፍና በ200 ቢሸነፍ፣ የምንሰበስበው 20,000 ዶላር፣ የምንከፍለውም 20,000 ዶላር ነው። ሁለት መቶ ጊዜ ተደስተን፣ አንድ መቶ ጊዜ አዝነን፣ በመጨረሻ ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ገበያው ከእያንዳንዱ ድል ላይ 5 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል ብንል ደግሞ ገቢያችን ወደ 19,000 ዶላር ዝቅ ስለሚል 1,000 ዶላር ከስረን እንወጣለን።

ስሕተቱ ያለው ሁለት የተለያዩ መጠኖችን አንድ አድርጎ ከማየት ላይ ነው። «ስንት ጊዜ አሸንፋለሁ?» እና «በአማካይ ስንት አተርፋለሁ?» የሚሉት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው። ሦስት ጊዜ ተወራርዶ ሁለት ጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ራሱን እንደ አሸናፊ ይቆጥራል፤ የኪሱ ሒሳብ ግን በሦስተኛው ውድድር ይዘጋል። የተመራጩ የመሸነፍ ዕድል አስቀድሞ በኦዱ ውስጥ ተካቷልና፣ የሚታወቀውን ነገር ማወቅ ትርፍ አያስገኝም። በዚያ ላይ «ከሦስት አንዱ» የሚለው አኀዝ የብዙ ልዩ ልዩ ውድድሮች አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ፈረስ መለኪያ አይደለም። «ዊንክስ» የተባለችው ዝነኛ የአውስትራሊያ ፈረስ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት 33 ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፋለች። «ተመራጭ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል» ብሎ በእርሷ ላይ በየጊዜው የተወራረደ ሰው ሠላሳ ሦስት ጊዜ በከፈለ ነበር።

ይህ ሲነገራቸው ብዙዎች «የከሰርሁትን በሚቀጥለው ውድድር መጠኑን ጨምሬ እመልሳለሁ» ይላሉ። ይህንንም እንመርምር። ከላይ ባየነው ኦድ መጀመሪያ 200 ዶላር ብንከስር፣ ኪሳራውን መልሰን 100 ዶላር ለማትረፍ በሚቀጥለው ውድድር 300 ዶላር ለማግኘት 600 ማጋለጥ ይኖርብናል። ያም ካልተሳካ 1,800፣ ቀጥሎ 5,400፣ ከዚያም 16,200 ዶላር ይሆናል። ተመራጮች አምስት ጊዜ በተከታታይ ካሸነፉ ጠቅላላ ኪሳራው 24,200 ዶላር ይደርሳል። ይህ የመሆኑ ዕድል ከ243 አንድ ነው። በቀሩት 242 ሙከራዎች ደግሞ በእያንዳንዳቸው 100 ዶላር፣ በድምሩ 24,200 ዶላር እናገኛለን። ሒሳቡ ያለ ኮሚሽን እንኳ እንደገና በትክክል ዜሮ ሆነ!

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የፊዚክስ ሰዎች እንደመሆናችን የጉልበት ዕቀባ ሕግን ያስታውሰናል። ጥንት ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚሽከረከር ሞተር ለመሥራት የደከሙ ሰዎች ጥርስና መዘውር ይጨምሩ ነበር፤ የመሣሪያው መወሳሰብ ግን ከየትም ያልመጣን ጉልበት ሊፈጥር አልቻለም። የውርርድ ስልቶችም እንዲሁ ናቸው። በአማካይ ዜሮ የሆኑ ውርርዶችን በምንም ዓይነት ቅደም ተከተልና መጠን ብንደረድራቸው፣ የተወሰነ ገንዘብ ላለው ሰው ድምራቸው በአማካይ ዜሮ ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ እንደ ሰበቃ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ሞተሩን ያቆመዋል።

ከዚህም የሚገርመው፣ ገበያው ሲሳሳት እንኳ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ግሪፊዝ የተባለ ተመራማሪ የአሜሪካን የፈረስ ውድድሮች አጥንቶ፣ ተወራራጆች የማሸነፍ ዕድላቸው በጣም አነስተኛ ለሆኑ ፈረሶች ከሚገባው በላይ፣ ለተመራጮች ደግሞ ከሚገባው በታች ግምት እንደሚሰጡ አሳየ። ተመሳሳይ ዝንባሌ በሌሎች አገሮችም፣ በአውስትራሊያም ጭምር፣ ታይቷል። በረጅም ጊዜ ከተመራጮች ጎን የቆመ ሰው ይከስራል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ዶላር የሚከስረው ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ስለዚህ ተመራጩን ለይቶ የሚቃወም ሰው ያለ ሌላ ተጨማሪ እውቀት ከገበያው ጠንካራ ክፍል ጋር ግብ ግብ ገጥሟል ማለት ነው።

ታዲያ በዚህ መስክ ያተረፈ ሰው የለምን? አለ። ቢል ቤንተር የተባለው አሜሪካዊ በሆንግ ኮንግ የፈረስ ውድድሮች ላይ በኮምፒዩተር የታገዘ የስታቲስቲክስ ሞዴል ሠርቶ ከፍተኛ ሀብት አከማችቷል፤ ስለ ዘዴውም እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፏል። ይሁን እንጂ የረዳው በደንብ የተሰበሰበ መረጃና ከገበያው የተሻለ ግምት እንጂ አንድ መስመር ምክር አልነበረም። የቤል ቤተ ሙከራው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ የተወራራጅ ሀብት የሚያድገው ገበያው በሌለው መረጃ ልክ ነው። የተለየ መረጃ ለሌለው ሰው የኬሊ ቀመር የሚያዝዘው የውርርድ መጠን ዜሮ ነው። ያለ ስብከት፣ ያለ ግሣጼ፣ በሒሳብ ብቻ!

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «በክፍል ውስጥ ስለ ውርርድ ማስተማር ወጣቱን ወደ ቁማር መምራት ነው» ይላሉ። ሥጋታቸው ከቅንነት የመነጨ መሆኑን እንረዳለን፤ ነገር ግን አንስማማበትም። የይሆንታ ሒሳብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ ስለ ቁማር በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የተወለደ ነው። ለፈረስ ውድድር የሚያገለግለውን አውቶማቲክ የውርርድ ማስሊያ መሣሪያ የፈለሰፈውና መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1913 በኒውዚላንድ ሥራ የጀመረለት መሐንዲስ ጆርጅ ጁልየስም፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የአውስትራሊያ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የመጀመሪያ ሰብሳቢ ሆኗል። ሳይንስ ከዚህ መስክ ርቆ አያውቅም፤ ርቆ የቆየው የሳይንስ ትምህርት ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በከተሞቻችን ወጣቶች በአውሮፓ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ላይ ሲወራረዱ፣ ከአውስትራሊያው ምክር በተቃራኒ ተመራጭ ቡድኖችን በአንድ ቲኬት ላይ ይደረድራሉ። አወራራጁ ከእያንዳንዱ ጨዋታ 5 በመቶ ብቻ ለራሱ ያስቀራል ብንል፣ አሥር ጨዋታዎች የተደረደሩበት ቲኬት በአማካይ 40 በመቶ የሚሆነውን ገንዘብ ለእርሱ ይተዋል። ተመራጩን መቃወምም ሆነ መደርደር የሚያደርሰው ወደ አንድ ቦታ ነው።

እርግጥ እውቀት ብቻውን ሱስን አይፈውስም። አውስትራሊያም ይህን ተገንዝባ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰዎች ራሳቸውን ከኢንተርኔትና ከስልክ ውርርድ በፈቃዳቸው የሚያግዱበትን ብሔራዊ መዝገብ ከፍታለች፤ በ2024 ደግሞ በኢንተርኔት ለሚደረግ ውርርድ በክሬዲት ካርድ መክፈልን ከልክላለች። ሕግ የሕግን ሥራ ይሥራ። የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ግን፣ ማንም ተማሪ «ብዙ ጊዜ ማሸነፍ» እና «ማትረፍ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለይቶ ሳያውቅ ከሳይንስ ፋኩልቲ እንዳይመረቅ ማድረግ ነው። ለዚህም ሁለት የክፍለ ጊዜ ሰዓትና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይበቃል። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ ጥርጣሬን በቁጥር መግለጥ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።