የሐሞት ከረጢት ፖሊፕ ሁሉ ካንሰር ነው?

«ጨጓራዬ ነው» ብለው ሄደው፣ አልትራሳውንድ ሲታዩ «ሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ፖሊፕ አለ» ተባሉ እንበል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይንዎ አይዞርም። ቢሆንም ከመደንገጥዎ በፊት ውጤቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ።

አብዛኛው ፖሊፕ በከረጢቱ ግድግዳ ላይ የተጠራቀመ ኮሌስትሮል ነው፤ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ሐኪሞችን የሚያሳስባቸው አዴኖማ የተባለው እጢ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ችግሩ ሁለቱን በአልትራሳውንድ ለይቶ ማወቅ ማስቸገሩ ነው። ስለዚህ መጠኑ ይለካል። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምንም ባያምዎትም፣ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ይመከራል። (ሐሞትን የሚያመርተው ጉበት ስለሆነ ያለ ከረጢቱ መኖር ይቻላል።) 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሕመምም አጋላጭ ነገርም ከሌለ፣ የ2022ቱ የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ክትትል እንኳ አያስፈልገውም ይላል። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው፦ ዕድሜዎ ከ60 ካለፈ ወይም ፖሊፑ ግንድ አልባ ከሆነ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ስለ ቀዶ ሕክምና ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

የውጤቱን ወረቀት ግን አይጣሉት። በሚቀጥለው ምርመራ ሐኪሙ ፖሊፑ ማደግ አለማደጉን የሚያውቀው ከአሮጌው ልኬት ጋር አስተያይቶ ነው።