ቀለህ የሚናገረው ዘግይቶ ነው

ጥይት በገዛ እጃቸው በሚሞሉ አሜሪካውያን አዳኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ባሩዱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ይተኩሳሉ፤ ቀለሁን ያነሡና ግርጌውን ወደ ብርሃን አዙረው ይመረምራሉ። መለኮሻዋ ተጠፍጥፋ ይሆን? መርፌው የወጋት ጉድጓድ ዙሪያው ተነሥቶ ይሆን? መቀርቀሪያው ሲከፈት አስቸግሮ ይሆን? ምልክት ካዩ ትንሽ ይቀንሳሉ። ካላዩ «ገና ቦታ አለ» ብለው ይጨምራሉ።

የምቃወመው ይህችን «ገና ቦታ አለ» ነው።

ሳሚ የተባለው የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ለ30-06 ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። ለአሮጌው 45-70 የፈቀደው ግን 28,000 ብቻ ነው። የሁለቱም ቀለህ ናስ ነው፤ የሁለቱም መለኮሻ አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ በ30-06 ውስጥ 50,000ን ተሸክማ ምንም ያልመሰላት መለኮሻ፣ 45-70 በሚጎርሰው በ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ ጠብመንጃ ውስጥ በዚያው ግፊት ለምን ትጮኻለች? እሷ ዝም እንዳለች ጠብመንጃው ሊፈነዳ ይችላል። እኛ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ የ1874 ጠብመንጃም የዚያ ዘመን፣ የጥቁር ባሩድ ልጅ ነው። የቀለሁ ምልክት የሚነግረን ናሱ የተሸከመውን እንጂ ብረቱ የሚችለውን አይደለም።

መለኮሻ በሐሰትም ትመሰክራለች። ቀለሁ በመቀመጫው ውስጥ ልል ሆኖ ሲቀመጥ መለኮሻዋ መጀመሪያ ወደ ኋላ ትወጣለች፤ ከዚያ ቀለሁ ራሱ ተንሸራቶ ይመጣና ይጠፈጥፋታል። ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ሰውየው ደንግጦ ባሩድ ይቀንሳል። የመርፌው ቀዳዳ ሰፊ ከሆነም ጉድጓዱ ያለ ምንም ትርፍ ግፊት ዙሪያው ይነሣል። በተቃራኒው ጠንካራ ቆብ ያላት መለኮሻ ከልክ ያለፈውን ግፊት ደብቃ ክብ እንደሆነች ትወጣለች።

በእርግጥ የማይዋሹ ምልክቶች አሉ። በቀለሁ ግርጌ ላይ ቀለህ ማስወጫው የተወው የሚያብረቀርቅ ማኅተም፣ ወይም አዲስ መለኮሻ ሲሰኩበት የማይጨብጥ የላላ ጉድጓድ። ግን ምን ማለት እንደሆኑ እናስተውል፤ ናሱ እንደ ሊጥ ፈሷል ማለት ነው። ናስ እስኪፈስ የሚጠብቅ ሰው ወሰኑን ቀድሞ አልፎታል። ስኮትላንዳዊው አንድሩ ኖብል በ1860ዎቹ የመዳብ ሲሊንደር በግፊት አጨፍልቆ መለካት የጀመረው ግፊት በዓይን ስለማይታይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይናችን አልተሻሻለም።

«እያንዳንዱ ጠብመንጃ የየራሱ ጠባይ አለው፤ የባሩድ መጠን የሚነግረን የጥይት መሙያ መጽሐፍ የተጻፈው በሌላ ጠብመንጃ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው። ለዚህም ነው መጽሐፉ ከታች ጀምሩ የሚለው። ጠባዩ መለያየቱ ግን ከላይኛው ወሰን ለማለፍ ፈቃድ አይሆንም፤ የዚያ ሰው ጠብመንጃ ከመጽሐፉ ይልቅ ቶሎ ግፊት የሚያነሣ ቢሆንስ? አረሩ ከበርሜሉ ጥርስ ጋር ከተነካካ፣ ወይም ውስጡ ጠባብ የሆነ ወፍራም የወታደር ቀለህ ከተጠቀመ፣ በዚያው የባሩድ መጠን ግፊቱ ይጨምራል። በጥር ብርድ የተሞከረው ጥይት በሐምሌ አሪዞና ፀሐይ ላይ ሌላ ጥይት ነው።

ከቀለህ የተሻለ መስካሪ የፍጥነት መለኪያ ነው። በርሜልህ ከመጽሐፉ በርሜል እኩል ርዝመት ኖሮት፣ በዚያው አረርና በዚያው ባሩድ መጽሐፉ ከመዘገበው ከፍተኛ ፍጥነት በግልጽ ካለፍህ፣ ፍጥነቱ ከየትም አልመጣም፤ ግፊት ነው የከፈለው። መለኮሻህ የፈለገችውን ያህል ክብ ትሁን።

ምልክት ካየህ አቁም። ካላየህም መጽሐፉ ከጻፈው ከፍተኛ መጠን ላይ አቁም። ከዚያ በላይ ፍጥነት ካስፈለገህ ትልቅ ጥይት የሚጎርስ ጠብመንጃ ግዛ።