ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን

ሰሊጥ ለማጨድ በመስከረምና በጥቅምት ከደጋ ወደ መተማ የሚወርደው ወገናችን ከማጭድና ከጋቢ በቀር ብዙ የሚይዘው የለም። ሌሊት በዋልካው ላይ፣ ከግራር ሥር ይተኛል፤ የአሸዋ ዝንብም ትነክሰዋለች። ከወራት በኋላ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ እብጠት ይዞት ከሆስፒታል ይደርሳል። ካላዛር ነው፤ ካልታከመ ይገድላል።

መድኃኒቱስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ለ17 ቀን በየቀኑ በመርፌ ይሰጣል። ነገር ግን የመጀመሪያው ልብን፣ ቆሽትንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሁለተኛው ጆሮን ሊያደነቁር ይችላል። የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 20 ሚሊግራም ስለሆነ 45 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 900 ይሆናል። በሽተኛው ኤች.አይ.ቪ. ካለበት ይኸው መርፌ ይበልጥ ስለሚያሠጋ አምቢዞምና ሚልቴፎሲን ይመረጣሉ። ቲቢ ተጨምሮበት ሪፋምፒሲን ከጀመረ ደግሞ በቀን አንዴ የሚውጠው ዶሉቴግራቪር ሁለቴ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ማን ይከታተል?

«ሐኪሙ» ይባላል። እኛ የፋርማሲና የሕክምና ተማሪዎች ሐኪሙን አንነቅፍም። የቆላ ሐኪም ሲያዋልድና ቁስለኛ ሲሰፋ ይውላል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ በሽተኛ ተጨምሮበታል። በብዙ ቦታ ፋርማሲስቱ ግን በመስኮት ወረቀት እየተቀበለ ኪኒን ይቆጥራል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱ አምስት ዓመት ሆኖ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ እንዲሠለጥን ተደርጎ ሳለ! ያን ሁሉ ዕውቀት ለመስኮቱ ነው የተማረው?

ፋርማሲስቱ ሐኪም ይሁን አላልንም። በሽታውን የሚለየው ሐኪሙ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በፊርማ ይዋዋሉ፤ ፋርማሲስቱ በሽተኛውን ይመዝን፣ የኩላሊትና የቆሽት ምርመራ ይዘዝ፣ መጠኑን በተጻፈው ወሰን ውስጥ ያስተካክል፤ በሽተኛው ቢያስመልሰውና ሆዱን ቢቆርጠው የዚያን ቀን መርፌ አስቁሞ ሐኪሙን ይጥራ። የአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ይህን መሰሉን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1979 በሕግ ፈቅዳለች።

«ቢሳሳትስ ማን ይጠየቃል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን ማለታችንም ስለዚሁ ነው። ዛሬም ትጉህ ፋርማሲስት ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አስቁሞ ያማክረዋል። ሐኪሙ ሲዛወር ግን ምክሩ አብሮት ይሄዳል፤ በሽተኛው ደግሞ 17 ቀኑን ገና አልጨረሰም።