ቤቱ የኔ ነው፤ ኮቱስ?

ጓሮዬ ባለችው አንዲት ሰርቪስ ክፍል ምክንያት ሰሞኑን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጠበቃ ሆኖልኛል። ተከራዬ አንድ ሰኞ ጠዋት "ደህና ዋሉ ጋሼ" ብሎኝ እንደወጣ አልተመለሰም። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ስልኩ ዝግ ነው። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በመስኮት አሻግሬ ሳይ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ድስትና ሰሃን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ኮት ይታየኛል።

"ምን ትጠብቃለህ? ሰብረህ ግባ!" ይለኛል አንዱ። "ዕቃውን ሸጠህ ኪራይህን ያዝ" ይላል ሌላው። "ውጪ አውጥተህ ሸራ አልብሰው" ያሉኝ ደግሞ ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁን ሽማግሌ ናቸው። የሁሉም ማሳረጊያ አንድ ነው፤ "ቤቱ ያንተ አይደለም እንዴ?"

ነው እንጂ! ኮቱ ግን የኔ አይደለም። ደግሞስ ሰውዬው ለምን እንደቀረ በምን አወቅሁ? ታሞ ተኝቶ ይሆናል። ታስሮ ይሆናል። ዕዳ ሸሽቶም ይሆናል። ሦስቱንም በአንድ መዶሻ መፍረድ ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

አንድ የማውቀው አከራይ ሰብሮ ገባ፤ ዕቃውንም ለቆራሌው ሸጠ። ተከራይዋ እናቷን ልታስታምም አገር ቤት ሄዳ ኖሮ በአራተኛው ወር ተመለሰች። "ሳጥኔ ውስጥ ወርቅ ነበረኝ" አለች። ነበረ? አልነበረም? እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሰውዬው ግን እማኝ አልጠራ፣ ዝርዝር አልጻፈ፤ ምን ብሎ ያስተባብል? የሦስት ወር ኪራይ አስመልሳለሁ ብሎ የዓመቱን ከፈለ።

ሕጉም ቢሆን የሰፈሬን ጠበቆች አይደግፍም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና መኖሪያ ያስከብራል፤ ተከራይ ከዚህ አልተለየም። የሰውን መኖሪያ ያለፈቃድ ደፍሮ መግባት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። የኪራይ ውል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚዳኝ ነገር ነው። ተከሳሹ አድራሻው ቢጠፋ እንኳ ፍርድ ቤት በጋዜጣ ሊጠራው ይችላል። መንገዱ አለ ማለት ነው።

"መንገዱ ረጅም ነው፤ ለአንዲት ክፍል ኪራይ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል?" ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኔም አንድ ቢሮ ሄጄ "ሰው ልካችሁ ዕቃውን ቁጠሩልኝ" ብል፣ "ይሄ እኛን አይመለከትም" ተብዬ ተመልሻለሁ። ሁለት እማኝና አንድ ባለሥልጣን ባሉበት ዕቃው ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበት፣ ለተወሰነ ጊዜ በአደራ የሚቀመጥበት አጭር አሠራር ሊበጅልን ይገባል። አከራይም ተከራይም ይድናሉ።

ግን ስለራሴም ልናገር። ይህን ሰው ያስገባሁት በደላላ ቃል ነው። ውል የለንም። መታወቂያውን አላየሁም፤ የዘመድ ስልክ አልያዝኩም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ብሎ ሳለ፣ እኔ ብሩን በእጄ እየተቀበልኩ ዝም አልኩ። ለምን? ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የኪራይ ገቢ ግብር! ብር ስንቀበል ከሕግ እንደበቃለን፤ በሩ ሲቆለፍብን ደግሞ "ሕግ የት አለ?" እንላለን። የትም አልሄደ፤ እኛው ነን ደጅ ያስቀረነው።

ተከራዮችም ብትሆኑ ከነቅሬታችሁ ስሙኝ። ኪራይ ቢያቅታችሁ "አልቻልኩም" በሉና ቁልፉን መልሱ። ብድግ ብሎ መጥፋት ያበሳጨው አከራይ ነገ የሚጨክነው በሚቀጥለው ምስኪን ላይ ነው።

የኔን ነገር ወስኛለሁ። ለፖሊስ አመለክታለሁ፤ ከዚያም ውል አለመጻፌን ሳልደብቅ ፍርድ ቤት እቆማለሁ። የሚመጣ ግብር ካለም ይምጣ። የሚቀጥለው ተከራይ ውል ሳይፈርም፣ ቢጠፋ ማን እንደሚጠራለትና ዕቃው ለማን እንደሚሰጥ ሳያስጽፍ አይገባም። ያኛው ክፍል ግን ሥልጣን ያለው ሰው እስኪከፍተው ድረስ እንደተቆለፈ ይቆያል።

አባቶቻችን "በሕግ አምላክ" ሲባሉ የሰነዘሩትን ዱላ እንኳ ይመልሱ ነበር። እኛ አንድ መዶሻ መመለስ ያቅተን?