ለጥቂት ቀን ሕጻንም ይለቀሳል



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የመዋጮና የስብሰባ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ተወልደው ሳይቆዩ ስለሚሞቱ ሕጻናትና ስለ ወላጆቻቸው አንድ አሳብ አቀርባለሁ።

ትራይሶሚ 18 የሚባል ሕመም አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኤድዋርድስ ከባልደረቦቹ ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ስለገለጸው ኤድዋርድስ ሲንድሮምም ይሉታል። ሰውነታችን የተሠራበት እያንዳንዱ ሴል 46 ክሮሞሶም አለው። በዚህ ሕመም ግን 18ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ይሆንና ጠቅላላው 47 ይደርሳል። በዚህም የተነሣ ሕጻኑ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል፤ ጣቶቹ ተደራርበው እጁ ይጨበጣል፤ ልቡ ብዙ ጊዜ ጉድለት አለበት፤ መጥባትና መተንፈስም ያስቸግረዋል። አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ዓመት የሚሞላቸው ከ100 ውስጥ 10 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው፤ እነሱም ብርቱ እንክብካቤ ይፈልጋሉ። ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት የለም።

ታዲያ በሰፈራችን ምን ይባላል? «ሾተላይ አለባት»፣ «እርግማን ነው»፣ «ነፍሰ ጡር ሳለች ምን በልታ ይሆን»። ይህ ሁሉ ስሕተት ነው። ሾተላይ የእናትና የጽንስ ደም አለመስማማት ሲሆን መከላከያ መርፌ አለው። ይሄኛው ግን በአብዛኛው እንቁላሉ ሲዘጋጅ ክሮሞሶሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል እንጂ ወጣቷንም ያጋጥማታል። እናትም አባትም አጥፍተው ያመጡት አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም። በአብዛኛው ቤት ተከታዩ ልጅ ይህ ሕመም ሳይኖርበት ይወለዳል።

አሁን ወደ ደንባችን ልምጣ። 40 ቀን ላልሞላው ሕጻን ድንኳን አይተከልም ይላል። እኛም «ልጅ ይተካል» ብለን እንሄዳለን። ዘጠኝ ወር የተሸከመች፣ ጡቷ ገና ወተት የሚያፈስ እናት ግን ብቻዋን ቤት ትቀራለች። እድር የተቋቋመው ሐዘንተኛ ለመደገፍ ነው እንጂ የሟች ዕድሜ ለመቁጠር ነው እንዴ?

«ካዝናው አይችልም» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሙሉው ገንዘብ ይከፈል አላልኩም። ድንኳኑና ወንበሩ ግን የራሳችን ነው፤ ለቅሶ መቀመጥም ገንዘብ አይጠይቅም። ሕጻኑ በሕይወት ካለም በተራ ስንቅ ማድረስ፣ ሌሎቹን ልጆች መጠበቅ አያቅተንም።

ስለዚህ ደንቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲሻሻል አሳስባለሁ። እስከዚያው ግን ሄዶ ለማጽናናት ደንብ የሚከለክለን የለም።

የእድሩ ጸሐፊ