ድካማችንን ስንፍና አትበሉት፤ መጀመሪያ ጨዋችንን መርምሩ!

«እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ሰው የለም። በመከራ ላይ መከራ ለማለት ነው። ግን አንባቢ ሆይ፣ ይህ ተረት ከየት እንደመጣ አስበውት ያውቃሉ? ሕዝብ የሚተርተው ደጁ ላይ ባየው ነገር ነው። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት አንገታቸውን በተርታ የተነቀሱ እናቶች ለጌጥ ብቻ የተነቀሱ የሚመስለው ካለ ቀረብ ብሎ ይጠይቃቸው። «እንቅርት ይከለክላል ተብለን ነው» የሚሉት ብዙ ናቸው። ንቅሳቱ ግን አልከለከለም።

እኔ እንቅርት የለኝም። የእኔ በሽታ ድካም ነው። ሦስት ዓመት ያህል ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ወፍጮ ላይ ያደርኩ ይመስለኝ ነበር። ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ፊቴ ያብጣል፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ይጠፋብኛል፤ በብዕር ለሚያድር ሰው ደግሞ ይህ ማለት እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ብርዱስ? ደብረ ታቦር ላይ ብርድን ማን ከበሽታ ይቆጥራል! ከጉና የሚወርደው ነፋስ ከተማውን በሙሉ ጋቢ አስደርቦ ነው የሚያውለው። ሁሉም በሚበርደው አገር «እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይበርደኛል» ያለችን ሴት የሚሰማት የለም።

የሄድኩበት የሕክምና ቤት (ስሙ ይቆየን) መጀመሪያ ደም ማነስ ነው አለኝ። ቀጥሎ ጨጓራ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። በዚህ አገር እኮ ታይፎይድ ያልተባለ በሽታ የለም! በመጨረሻም «ሐሳብ አታብዢ» ተብዬ ተሸኘሁ። ጎረቤት ጠበል አለኝ፣ ሄድኩ፤ ነፍሴን ደስ አላት፣ ድካሙ ግን አብሮኝ ተመለሰ። አጎቴ ግን አልሸሸጉኝም፤ «ዲፕሎማውን ከያዝሽ ወዲህ ጎንበስ ብሎ መሥራት ከበደሽ» አሉኝ። ነገሩ የታወቀው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ባሕር ዳር ከወረድኩ በኋላ ነው። አንድ ሐኪም አንገቴን ዳሰሰና ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ አዘዘልኝ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን ካሠሩ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኔ ግን ለአንዲት ጠርሙስ ደም አውቶቡስ መሳፈር ነበረብኝ።

ታይሮይድ ማለት አንገት ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ያለ፣ ቢራቢሮ የመሰለ ዕጢ ነው። ሥራው እንደ ምድጃ እሳት ነው። እሱ ሲቀንስ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ልብ በዝግታ ይመታል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ የወር አበባ ይዛባል፣ ፅንስ ይጨናገፋል፣ ሰው ያለምክንያት ይከፋዋል። ይህ ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጣ የተገኘችውን ለመያዝ ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይሄ ነው። እንቅርት ያለበት ሁሉ ደካማ አይደለም፣ ደካማ የሆነ ሁሉም እንቅርት የለውም። የእኔ የመጣው ሰውነቴ የገዛ ዕጢዬን በማጥቃቱ ነው ተብያለሁ። ይህን ዓይነቱን ጨው አያድነውም። ስለዚህ ስለ ጨው የምጮኸው ለራሴ ብዬ አይደለም።

የእኛ ደጋ ዳገት ነው። ዝናቡ በሺህ ዓመታት አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ከውኃው ጋር ወስዶታል። በአፈሩ የሌለ ነገር ደግሞ በገብሱም፣ በድንቹም፣ በጤፉም የለም። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ ባለ ተራራዋ ስዊዘርላንድም በዚሁ በሽታ ስትማቅቅ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1922 ጨዋ ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረች፣ እንቅርቱም እየጠፋ ሄደ። እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙ አገር አቀፍ ጥናቶች እንዳሳዩት ከኢትዮጵያ እናቶች 35.8 ከመቶ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ደግሞ 39.9 ከመቶ እንቅርት ነበረባቸው። ከአሥር ልጅ አራቱ ማለት ነው!

ምክንያቱን ብትጠይቁ ፖለቲካ ነው። አሰብ ሲሄድ የሄደው ወደብ ብቻ ለመሰላችሁ፣ ጨዉም አብሮ ሄዷል። በአሰብና በምጽዋ በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ከኤርትራ መለየት በኋላ፣ በተለይም በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ቀረ። ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን። አፍዴራ ጨው ሞልቷታል፤ አዮዲን የሚጨምርበት ግን አልነበረም። መንግሥት አስገዳጅ ደንብ ያወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ደንብ ቁጥር 204። በመካከሉ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ! በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 ከመቶው ቤት ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የተፀነሱትን ልጆች ማን ይጠየቅባቸዋል? የአዮዲን እጦት እኮ በፅንስ ላይ ሲደርስ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ ያ ደግሞ በኋላ በኪኒን አይመለስም።

«አሁን ተስተካክሏል» የሚሉ ባለሥልጣኖች አሉ። በ2008ቱ ጥናት አዮዲን የተገኘበት ጨው ያለው ቤት 89 ከመቶ ደርሷል፣ እውነት ነው፣ እሰየው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በተደረገ የንጥረ ነገር ጥናት በቂ መጠን ያለው ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጆንያ ምንም የለውም፣ ሌላው ከልክ ያለፈ ነው። ከልክ ማለፉም ጉዳት አለው፤ ዚምባብዌ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሰው ላይ ዕጢው ከመጠን በላይ እንዲሠራ ሆኖባታል። ስለዚህ መለካት ያለበት ፋብሪካው በር ላይም፣ ገበያው ላይም ነው። እኛም ቤት ጉድ አለ፦ ጨዉ ጆንያው ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ «ይጥራ» ተብሎ ይታጠባል፣ ከዚያ ወጡ ገና ሲጣድ ይጨመራል። አዮዲኑ አለቀ! ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ አትጠቡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም።

እንደኔ ዕጢው ለደከመበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፤ ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል (ለጎንደሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም)። የብረት ኪኒን የምትወስድ ሴት በመካከሉ አራት ሰዓት ታቆይ። እንደ ወባ ኪኒን በሦስት ቀን ለውጥ የሚጠብቅ ይከፋዋል፤ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶም ደሙ እንደገና ይታያል። ነፍሰ ጡር ከሆነች መጠኑ ብዙ ጊዜ መጨመር ስላለበት ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር። እኔ ጾሙ አስጨንቆኝ የንስሐ አባቴን ጠይቄ «ልጄ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም» ብለውኛል። አሁን ከባዱን ጽሑፍ ረፋድ ላይ እጨርሳለሁ፣ ውኃውን በግማሽ ጀሪካን አመላልሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም እላለሁ። ማንም የፈለገውን ይበል።

ችግሩ ኪኒኑ የዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ገብቶ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት ቤቱ «አልገባም» ይላል። ተኩሱን ማን ጀመረ ማን ጨረሰ፣ ለዕጢው ልዩነት የለውም፤ በሳምንታት ውስጥ ድካሙ ተመልሶ ይመጣል። ይህ መድኃኒት እኮ የቅንጦት አይደለም፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። የጤና ሹሞቻችን በየዓመቱ ሪፖርታቸው ላይ ስለ ሕንፃ ይነግሩናል። ቲኤስኤች በየትኛው የደቡብ ጎንደር ሆስፒታል ሳይቋረጥ ይሠራል? ሌቮታይሮክሲን በየትኛው የመንግሥት መድኃኒት ቤት ስንት ወር ጠፍቶ ከረመ? የገበያው ጨው መቼ ተለካ? ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ጨው ከረጢቱ ላይ በትልቁ «አዮዲን ያለው» ይላል። መጠኑ አልተጻፈም፣ የተመረተበት ቀንም የለውም።